የጭቃ በሬ ባለቤቱ ማን ነው?

«ጨዋታ» ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ኳስ፣ ካርታ ወይም ገበጣ ነው፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት። ነገር ግን አሸናፊ የሌለው፣ ተጫዋቾቹ ተባብረው አንድ ዓለም የሚፈጥሩበት የጨዋታ ዓይነትም አለ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ ነው። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አጨዋወቱም እንዲህ ነው፦ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ። መሪው የገጠማቸውን ይተርካል፣ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ አጠራጣሪውን ዳይስ ይወስናል። ጨዋታው ሲያበቃ የሚተርፈው በእጅ የተሳለ ካርታ፣ የባለ ሚናዎቹ ወረቀትና ማስታወሻ ደብተር ነው።

ለጋምቤላ ይህ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በላሬና በጅካዎ፣ ከድንበር ማዶም በደቡብ ሱዳን የሚኖሩት ኑዌሮች ኑሯቸው ከከብት ጋር የተሳሰረ ነው። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሱዳን በኩል ያሉትን አጥንቶ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የልጆቹንም ጨዋታ መዝግቧል። ልጆቹ በበጋ ሰፈር በአሸዋ፣ በመንደር ደግሞ በጭቃና በእርጥብ አመድ ትንንሽ በረት ይሠራሉ። በረቱን በጭቃ ላምና በሬ ይሞሉታል። ከዚያም እረኝነትና ጋብቻ ይጫወታሉ። በኑዌር ጋብቻ የሚጸናው ከብት ተሰጥቶ በመሆኑ፣ የጭቃው መንጋ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው እየተነዳ ዝምድና ይፈጠራል። ዳይስም መሪም አያስፈልግም፤ ደንቡን ሁሉም ከአዋቂዎች አይቶታል።

እንደ ሕግ ሰው የምጠይቀው፣ ብዙ ሰው በጋራ የፈጠረው ዓለም የማን ነው የሚለውን ነው። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1979 በሮያሊቲ ክፍያ ምክንያት የጋይጋክስን ኩባንያ ከሶ፣ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አልቋል። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም ሲጻፍ፣ ሲሳል ወይም ሲቀረጽ ነው ይላል። የሥራው ጥራትም ሆነ የተሠራበት ዓላማ አይጠየቅም። በጋራ የተፈጠረ ከሆነም ባለመብቶቹ የጋራ ናቸው። እንግዲህ ወጥ እስከሆነ ድረስ ልጅ የሠራው የጭቃ በሬ በሕግ ፊት ከሠዓሊ ሥራ አያንስም።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በአፍ ብቻ የተነገረው ታሪክ ከጨዋታው ጋር ይበተናል፤ ያልተተኮሰ ጭቃ በመጀመሪያው ዝናብ ይፈርሳል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሰበሰባቸው የኑዌር የጭቃ ከብቶች ግን ዛሬም በኦክስፎርድ፣ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙን አልወቅስም፤ እዚያ ባይቀመጡ ኖሮ ምንም ባልተረፈ። የእኔ ቅሬታ ለጋምቤላ ልጅ የአያቱን መጫወቻ ማየት ባሕር ማዶ የሚያስኬድ መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 አጽድቃለች። ይህን ወደ ተግባር ለመለወጥ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አንድ መምህር ወይም ወላጅ የሚከተለውን ቢያደርግ ይበቃል፦ በረቱና ከብቶቹ ከመፍረሳቸው በፊት ፎቶ ማንሳት፤ የሁሉንም ልጆች ስም፣ ቀንና ቦታ መጻፍ፤ ማን ምን እንደሠራ መለየት፤ ታሪኩን በራሳቸው ቋንቋ፣ እንደተናገሩት መመዝገብ፤ ከመውሰድም በፊት ልጆቹንና ወላጆቻቸውን ማስፈቀድ። በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚጫወቱ የከተማ ወጣቶችም ምክሬ ያው ነው፤ ካርታውን አትጣሉ፣ ስማችሁን ጻፉበት።

ጎርፍና ግጭት ቤተሰብን ደጋግመው በሚያፈናቅሉበት ክልል ሰው ሲሸሽ የሚይዘው ልጁንና የሚበላውን ነው። የጭቃ በሬ የሚሸከም የለም። ስለዚህ መዝገቡ መጀመር ያለበት ሰላም ባለበት ቀን፣ በቅርቡ ባለው ትምህርት ቤት ነው።