«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር ለሚኖር ሰው ባሕር ሩቅ ነው። ከሱቅ የሚሸምተው የውጭ ሸቀጥ አብዛኛው ሞምባሳ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ ቀናት በጭነት መኪና ተጉዞ የሚደርስ ነው። ደቡብ ሱዳንም ሆነች ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር የላቸውም። ኢትዮጵያ ግን በአንድ ወቅት ስሟን የተሸከመች የጦር መርከብ ነበረቻት። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቢቱ የተሠራችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ነው። በ1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ በ1944 «ኦርካ» ተብላ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለች። የተነደፈችው ከጠላት መርከብ ጋር እንድትታኮስ ሳይሆን፣ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት እንድትሆን ነበር። ነዳጅ፣ ጥይትና መለዋወጫ ታቀብላቸዋለች፤ ለበራሪዎቹም ምግብና መኝታ ትሰጣለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በናፍጣ ሞተር በሰዓት 18 የባሕር ማይል ትጓዝ ነበር። የንድፏ ዋነኛ ብልሃት ግን ከውሃ በታች የሚጠልቀው አካሏ 4 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ የተደራጀ ወደብ በሌለበት የደሴት ጥግ ሁሉ መልሕቋን መጣል ትችል ነበር። በፊሊፒንስ ውጊያም ያገለገለችው በዚሁ ሥራ ነው።

በ1962 አሜሪካ መርከቢቱን ለኢትዮጵያ በውሰት ሰጠች። በ1950ዎቹ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያን ጊዜ በኖርዌይ መኮንኖች እየተረዳ በምጽዋ ይደራጅ ነበር። «ኢትዮጵያ» ተብላ የኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆነች። የአውሮፕላኖች እናት የነበረችው አሁን የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ሆነች፤ በደጋ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች የባሕርን ሥራ የተማሩት በእርሷ ላይ ነው። በ1976 ኢትዮጵያ ገዝታ የግሏ አደረገቻት።

በ1990 ምጽዋ በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ገባች። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ መርከቢቱ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። ከዚያም ወዲያ አልተመለሰችም። ኤርትራ ነፃነቷን ባወጀችበት በ1993 «ኢትዮጵያ» ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ያለ ወደብ እንድትሠራ የተነደፈችው መርከብ የተሸነፈችው ወደቧን ባጣች ጊዜ ነው። በእርግጥም ክሬንና መትከያ የሌለበት ዳርቻ ይበቃት ነበር፤ ነዳጅ፣ ደመወዝና ትእዛዝ የሚልክላት መንግሥት፣ የሚጠብቃትም የራሷ ጠረፍ ግን ያስፈልጓት ነበር። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና እንደምታቋቁም በ2018 ስታስታውቅ፣ የ«ኢትዮጵያ» ታሪክ የተወው ጥያቄ አብሮ ተነሣ። መርከብ በውሰትም በግዢም ይገኛል፤ ማታ ተመልሶ የሚያድርበትስ?