የቱክዊላ ከተማ ምክር ቤትና የእኛ መንገድ



ለ10ኛ ዓመት መጽሔታችን «ታሪክ ነክ ጽሑፍ አዘጋጅ» ስባል ብዙዎቻችሁ ስለ አክሱም ወይም ስለ ዓድዋ እንደምጽፍ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ የቀሰምኩት ይህንኑ ነበርና። ሆኖም ስለ ዓድዋ የሚጽፍ አይጠፋም። ግብር የምንከፍልባትንና ልጆቻችንን የምናስተምርባትን ቱክዊላን ማን እንዴት እንደሚያስተዳድራት ግን በአማርኛ የጻፈልን የለም። «ካውንስል» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቀበሌ ይሄዳል፤ ቀበሌ ደግሞ ካልተጠራ በቀር ወዶ የሚሄድበት ሰው አልነበረም።

ቱክዊላ በከተማነት የተቋቋመችው በ1908 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የምትተዳደረው በከንቲባና ሰባት አባላት ባሉት ምክር ቤት ነው። ለ60 ዓመታት ያህል ትንሽ ከተማ ሆና ከቆየች በኋላ ዕጣዋን የለወጠው በ1968 የተከፈተው የሳውዝሴንተር የገበያ አዳራሽ ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማይቱ ካዝና በዋነኛነት በሽያጭ ታክስ ላይ ቆመ። ከ100 ዶላር ግዢ ለከተማው የሚደርሰው መሠረታዊ ድርሻ 85 ሣንቲም ገደማ ብቻ ነው። ሳንቲሙ ትንሽ ቢመስልም ገዢው ከየአቅጣጫው ስለሚጎርፍ ይጠራቀማል። ታክሲ የሚነዳ ወገን በገና ሰሞን ሳውዝሴንተር ፓርክዌይ ላይ ሲቆም ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሕዝቡ ግን እስከ 1980ዎቹ ጥቂት ነበር። በ1980 ቆጠራ 3,578 ሰው ብቻ ነበረባት። በ1989 እና በ1990 በኪንግ ካውንቲ ሥር የነበሩት ፎስተር፣ ቶርንዳይክ፣ ሪቨርተንና ካስኬድ ቪው ሲቀላቀሉ በ1990 ቆጠራ 11,874 ደረሰ። እኛ የምንኖርበት ኮረብታና በሀይዌይ 99 ግራና ቀኝ ያለው ሰፈር አብዛኛው ያኔ የገባ ነው። እንግዲህ ሀብቱ ከሸለቆው፣ ሕዝቡ ከኮረብታው የሆነች ከተማ ተፈጠረች። በበኩሌ ከዚያ ወዲህ የታየው ክርክር ሁሉ «የሸለቆው ገንዘብ ለኮረብታው ምን ያህል ይድረሰው?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ይመስለኛል።

የባቡሩን ጉዳይ እንመልከት። ሳውንድ ትራንዚት የከተማ ባቡር መሥመሩን በሀይዌይ 99፣ ማለትም ዛሬ ቱክዊላ ኢንተርናሽናል ቡልቫርድ በምንለው መንገድ ላይ ሊዘረጋ ሲያስብ ከተማው ተቃወመ። ባቡሩ በሳውዝሴንተር በኩል እንዲያልፍ ፈለገ፤ መንገዱንም ለማደስ ገንዘብ እያፈሰሰ ስለነበር ሥራው እንዲፈርስበት አልወደደም። በመጨረሻ ባቡሩ ሳውዝሴንተርንም ሳይነካ የፍሪዌዮቹን ዳርቻ ተከትሎ ተሠራ፤ ጣቢያውም በጁላይ 2009 በቡልቫርዱ ደቡባዊ ጫፍ ተከፈተ።

የታክሱም ነገር እንዳለ አልቀጠለም። እስከ 2008 አጋማሽ ድረስ አንድ ሶፋ ከቱክዊላ መጋዘን ወጥቶ ቤልቪው ቢደርስ የከተማው ታክስ የቱክዊላ ነበር። ከጁላይ 2008 ጀምሮ የግዛቱ ሕግ ተለውጦ ታክሱ ዕቃው የሚደርስበት ከተማ ሆነ። መጋዘኑና የከባድ መኪናው ጭስ እዚሁ ቀረ፣ ገንዘቡ ሄደ። የቤት ግብርንም ቢሆን ምክር ቤቱ እንደ ልቡ አያሳድግም፤ አዲስ ግንባታ ከሚያስገባው በስተቀር ያለ ሕዝብ ድምፅ ከዓመት ዓመት መጨመር የሚችለው 1 በመቶ ብቻ ነው። የዋጋ ንረቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለዚህ ነው ትልልቅ ሥራ ሲመጣ ቦንድ ወደ ሕዝብ የሚቀርበው። በኖቬምበር 2016 ለእሳት አደጋ ጣቢያዎችና ለሕዝብ ደኅንነት ሥራዎች የ77.4 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ቀርቦ የሚያስፈልገውን 60 በመቶ አግኝቶ አለፈ። ቦንድ ማለት ከተማው ተበድሮ ነዋሪው በቤት ግብሩ ለብዙ ዓመታት የሚከፍለው ዕዳ ነው። ተከራይም ቢሆን አይድንም፣ አከራዩ በኪራይ ላይ ያመጣበታልና።

ከዕቅዱ አንዱ ፖሊስንና ፍርድ ቤትን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያደርግ የፍትሕ ማዕከል ነበር። የተመረጠው ቦታ በቡልቫርዱና በሳውዝ 150ኛ መንገድ አጠገብ ነበር፤ በዚያ የነበሩት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ የሶማሌና የሌሎች ስደተኞች ነበሩ። ፖሊስ ወደ ቡልቫርዱ መቅረቡ መጥፎ ነው የሚል የለም። በኦገስት 2013 ፌዴራሎችና የከተማው ፖሊስ በወንጀል የታወቁትን ሞቴሎች ሲወርሩ፣ በኋላም ከተማው ገዝቶ ሲያፈርሳቸው ደስ ያለን እኛው ነን። ነገር ግን ከተማ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ቦታ ሲወስድ የመሬቱ ዋጋ የሚከፈለው ለባለ መሬቱ ነው። ተከራዩ ነጋዴ የሚያገኘው የማዛወሪያ ወጪ ነው። ለዓመታት ያፈራው ደንበኛ፣ ከመስጊዱና ከአውቶቡስ ማቆሚያው መቅረቡ በየትኛው ሒሳብ ይተመናል? ነጋዴዎቹ ምክር ቤት ፊት ቆመው የተናገሩት ይህንኑ ነበር። የተናገሩት ግን ቦታው ከተመረጠ በኋላ ነው። ሕንፃው ተሠራ። በባቡሩ ጊዜ መንገዱን አልነካም ብሎ የተከራከረው ከተማ፣ ከዓመታት በኋላ በራሱ እጅ ሱቆቹን አስነሣ።

ሶማሌዎቹ ወንድሞቻችን ግን በዚህ አልተበተኑም። ከመካከላቸው ለምክር ቤት ተወዳድረው የተመረጡ አሉ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ሠራተኛው ምክር ቤቱን ሳይጠብቅ ፊርማ አሰባስቦ ዝቅተኛውን ደመወዝ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ፤ ከ80 በመቶ በላይ ደገፈው። በትልልቅ ድርጅቶች የሰዓቱ ክፍያ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 18 ዶላር ከ99 ሣንቲም ሆነ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ከተማው በንግድ ገቢ ላይ አዲስ ታክስ ጥሏል፤ ገቢያቸው ከተወሰነው መጠን የማይደርስ አነስተኛ ንግዶች ነፃ ናቸው። ከአባሎቻችን መካከል ሱቅ ያላችሁ ይህን ነፃነት ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

በጀቱ የሚጸድቀው ለሁለት ሁለት ዓመት ነው። የሚመከርበትም በጎዶሎው ሳይሆን በሙሉው ዓመት፣ ማለትም በ2024፣ በ2026 እያለ በመኸር ወራት ሲሆን፣ ስብሰባው ሰኞ ማታ ነው። ሰኞ ማታ ደግሞ ለታክሲ ሾፌር ከሳምንቱ ሁሉ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ነው።