የወረዳ በጀት ሲመደብ የማን ኑሮ ይቆጠራል? ከጫጫ እስከ ሰቆጣ

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስልካችን በአንድ ዓይነት ዜና ይሞላል፦ «ምክር ቤቱ የቀጣዩን ዓመት በጀት አጸደቀ፤ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር»። ሼር እናደርጋለን፣ ካምናው ስንት ጨመረ ብለን እንከራከራለን፣ በቃ ያልፋል። ብሩ ወጥቶ ሲያልቅ የሰው ኑሮ ምን ያህል ተለወጠ የሚለውን ግን ብዙም አንጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ከበጀቱ ጋር አብሮ የሚያስኬድ አሠራር አለ። «የኑሮ ደህንነት አመላካቾችን ለበጀት መጠቀም» ይባላል። (ደህንነት ሲባል ሌላ መሥሪያ ቤት ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም። እዚህ የምናወራው ስለ ምግብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርትና ስለ ውሃ ነው።) ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት ሰው እንዴት እየኖረ እንደሆነ ይለካል፣ ገንዘቡ ወደሚብሰው ችግር ይሄዳል፣ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ይለካል።

በምሳሌ እንየው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሄደ ሁሉ ጫጫን ያውቃታል። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። አንጎለላ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ቦታ ነው። አካባቢው ደጋ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ የወተት ላም፣ ብርድ። ምድጃው ላይ የሚነደው በብዛት ኩበት ነው።

እስቲ በዚህ ደጋ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሥራ። ሁለት የወተት ላም አላቸው፣ ወተቱን ይሸጣሉ። መብራት ገብቶላቸዋል፣ ውሃ ቅርብ ነው፣ ስልክና ቴሌቪዥን አላቸው፣ ልጆቹ ይማራሉ። በገንዘብ ብቻ ከተለካ ይህ ቤተሰብ ድሃ ላይባል ይችላል። አሁን ደግሞ ብዙ አገሮች በሚጠቀሙበት «ዘርፈ ብዙ ድህነት» በሚባለው መለኪያ እንየው። መለኪያው 10 ነገሮችን ያያል። ከጤና የተመጣጠነ ምግብና የልጆች ሞት፣ ከትምህርት የተማሩበት ዓመትና አሁን ትምህርት ቤት መሄድ፤ እነዚህ አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ክብደት አላቸው። ከኑሮ ደግሞ ማገዶ፣ መጸዳጃ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ቤትና ንብረት፤ እያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ስምንተኛ። ጉድለቱ ተደምሮ አንድ ሦስተኛ ከደረሰ ቤተሰቡ ድሃ ይባላል።

የኛ ቤተሰብ በኩበት ያበስላል፤ አንድ ጉድለት። ወለሉ አፈር ነው፤ ሁለት። መጸዳጃው ደረጃውን አይጠብቅም፤ ሦስት። ሦስቱ ተደምረው አንድ ስድስተኛ ብቻ ናቸው፣ እስካሁን ድሃ አይባልም። ግን ትንሹ ልጅ ለዕድሜው ቁመቱ አጭር ነው፣ ማለትም ቀንጭሯል። ይህ ብቻውን ሌላ አንድ ስድስተኛ ይጨምራል። ድምሩ አንድ ሦስተኛ ደረሰ።

ልብ በሉ፦ ወተቱ በተሸጠ ቁጥር ገቢው ይመዘገባል፣ የሀገር ምርትም ከፍ ይላል። ልጁ ከዚያ ወተት ጠጣ አልጠጣ የሚለውን የገቢ ቁጥር አይነግረንም። የሚነግረን የልጁ ቁመት ነው።

ይሄ ደግሞ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአማራ ክልል በሀገሪቱ ከፍተኛ እህል ከሚያመርቱት አንዱ ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የክልሉ ልጆች 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የሀገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ክልሉ ወደ 41፣ ሀገሪቱ ወደ 37 በመቶ ወርደዋል። እህል አለ፣ ልጁ ግን አላደገም። ኩንታል ብቻ እያየ የሚመደብ በጀት ይህን ችግር ጭራሽ ላያየው ይችላል።

ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች እንይ። በመንግሥት የድህነት መስመር ሲለካ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው ድህነት በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ከላይ ባየነው ዘርፈ ብዙ መለኪያ ግን፣ የ2011ዱን ጥናት መሠረት አድርጎ፣ ድሃ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ወደ 69 በመቶ ነው። አንዱ ውሸት ሌላው እውነት ነው ማለት አይደለም፤ የተለያየ ነገር ነው የሚለኩት። ግን በጀት የሚያወጣው ሰው ፊት የትኛው ወረቀት ተቀምጧል የሚለው ውሳኔውን ይቀይረዋል።

የሀገር ገቢን በመለካት ሥራ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ሳይመን ኩዝኔትስም እ.ኤ.አ. በ1934 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ ከሀገር ገቢ ብቻ ተነስቶ የሕዝብን ደህንነት መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። ማን ሰማው?

እኛ ጋ ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። አንቀጽ 90 ደግሞ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሰው ሁሉ ንጹህ ውሃ፣ መኖሪያ ቤት፣ ምግብ እንዲያገኝ ፖሊሲው ይትጋ ይላል። ጥናቱም አለ፤ የዛሬው የስታቲስቲክስ አገልግሎት በቀድሞ ስሙ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተሰብ ገቢና ወጪን፣ የኑሮ ሁኔታንም ሲያጠና ቆይቷል። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ብሩ እስከ ጫጫ እንዴት እንደሚደርስ እንከተለው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። ቀመሩ ክልሉ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስፈልገውና ራሱ ምን ያህል ገቢ መሰብሰብ እንደሚችል ያያል፤ የሕዝብ ቁጥርም ትልቅ ቦታ አለው። ክልሉ በተራው በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያካፍላል። ይህ ለወረዳ ጥቅል በጀት የመስጠት አሠራር በ1994 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። ወረዳው የበጀት ጣሪያው ይነገረዋል፣ ለጽሕፈት ቤቶቹ ይደለድላል፣ የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል።

እዚህ ጋ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንደኛው የሕዝብ ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሞ ሳይካሄድ ቀርቷል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያኔ ወይ ሕፃን ነበራችሁ፣ ወይ ጭራሽ አልተወለዳችሁም፤ በጀት የሚሰላው ግን በዚያ ቆጠራ ላይ በተሠራ ግምት ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፣ ተፈናቃዮችን ተቀብላለች፣ ከየገጠሩም ወጣት ገብቶባታል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ይብሳል። ከላይ ያየናቸው የመቀንጨር ጥናቶች ናሙናቸው እስከ ክልል ድረስ ብቻ ነው የሚናገረው። «አማራ ክልል 41 በመቶ» ይላሉ፤ «አንጎለላና ጠራ ይህን ያህል» ማለት ግን አይችሉም። አስተማሪና ጤና ባለሙያ የሚቀጥረው፣ ምንጭ የሚያጎለብተው ወረዳው ሆኖ ሳለ፣ የኑሮ ቁጥሩ ወረዳው ጋ ሳይደርስ ክልል ላይ ይቆማል።

በዚያ ላይ የወረዳ በጀት በብዛት የሚጻፈው በወጪ መደብ ነው፦ ደመወዝ፣ ውሎ አበል፣ ነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ። ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል። ይሄ ብክነት አይደለም፤ ያለ አስተማሪ ትምህርት የለም። ግን «የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደመወዝ ተከፈለ» የሚል ሪፖርት ስንት ልጅ ከመቀንጨር እንደዳነ አይነግረንም።

ደስ የሚለው፣ ይህን ለመቀየር የተደረገ ሙከራ ከዚሁ ክልል ወጥቷል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»ን ይፋ አደረገ። ስሙ የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ነው። ግቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ2 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን ማጥፋት ነው። ሥራው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ።

እኛን የሚመለከተን አሠራሩ ነው። ጤና ለብቻው፣ ግብርና ለብቻው፣ ውሃ ለብቻው ከማቀድ ይልቅ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ዕቅዳቸውን በአንድ ውጤት ዙሪያ አወጡ፣ ዋጋውንም አብረው ተመኑ። ውጤቱ የልጅ ቁመት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የምንጭ ቧንቧ የመቀንጨር ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ውሃ የጠጣ ልጅ ተቅማጥ ይይዘውና የበላው አይጠቅመውም። የጓሮ አትክልትም፣ እንቁላል የምትጥል ዶሮም እንደዚያው። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት እዚያው አካባቢ ላይ ማረፉ ሥራውን ክፉኛ ጎድቶታል። ያም ሆኖ ፕሮግራሙ ከ40ዎቹ ወረዳዎች አልፎ ወደ ሌሎች ክልሎች ሰፍቷል።

ሌሎችስ? ቡታን የምርት ዕድገትን ሳይሆን የሕዝብ ደስታን እለካለሁ ብላ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታዋለች፤ በ33 አመላካቾች ትለካለች። (ወጣቶቿ ግን በብዛት ወደ አውስትራሊያ እየሄዱ ነው። መለካት ብቻውን ሥራ አይፈጥርም።) ኒውዚላንድ በ2019 «የደህንነት በጀት» ብላ ባወጣችው በጀት ለአእምሮ ጤና 1.9 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር መደበች። በእኔ እምነት ከዚያ የሚበልጠው በ2018 ያወጣችው ሕግ ነው፦ መንግሥት በጀት ባቀረበ ቁጥር የልጆች ድህነት ምን ላይ እንደደረሰ አብሮ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ውድ ማሽን አይጠይቅም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ያን አንድ ገጽ ለወረዳ መጻፍ ይቻላል? መነሻው አለ። ጤና ኬላ ላይ ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ትምህርት ቤት መዝገቡ ውስጥ ስንት ተመዝግቦ ስንት እንዳቋረጠ አለ፣ ውሃ ጽሕፈት ቤት የትኛው ቦኖ እንደተበላሸ ያውቃል። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተሠራ ሀገር አቀፍ ጥናት የዘንድሮውን አይናገርም። የዘንድሮውን የሚናገረው የቀበሌው መዝገብ ነው። መዝገቡ ፍጹም አይደለም፤ አንዳንዴ ለሪፖርት ሲባል ቁጥር ይነፋል። ለዚህም ነው በብዙ ወረዳዎች የተሞከረው «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የሚባለው አሠራር የሚጠቅመው። ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለውሃው ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ከኃላፊዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣል። ችግሩ፣ ነጥቡ የሚሰጥበት ወቅትና በጀት የሚደለደልበት ወቅት ካልገጠመ ዕቅዱ ብር ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ ወሩን እወቁት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። የጸደቀው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሕዝብ መለጠፍ አለበት። ወረዳችሁ ስትሄዱ ሰሌዳውን እዩት፣ ፎቶ አንሱት፤ ከጤናና ከውሃ መደቡ አጠገብ ዓምና ስንት ሰው አገልግሎት እንዳገኘ ተጽፎ እንደሆነም ተመልከቱ።