ከዱቤ ደብተር ወደ ክላውድ፡ የደንበኛ መዝገብ በማን እጅ ይቀመጥ?

የምርጥ ዘር መሸጫ፣ የመኖ መደብር ወይም የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሃብቱ በመደርደሪያ ላይ የሚታየው ዕቃ ብቻ አይደለም። ማን ምን እንደገዛ፣ ማን ስንት ብር ዱቤ እንዳለበት፣ የትኛው አርሶ አደር በግንቦት፣ የትኛው በሰኔ ዘር እንደሚፈልግ የያዘው ደብተርም ሃብት ነው። ደብተሩ በእሳት ቢጠፋ ወይም ሒሳቡን በቃሉ የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራውን ቢለቅ ሱቁ ዕቃው እያለ ደንበኛውን ያጣል። ዕዳ ያለበትና የሌለበት አይለዩም፤ ዕዳውን የከፈለ አርሶ አደርም መክፈሉን የሚያስረዳበት መዝገብ አይኖረውም።

ይህን የንግድ ትውስታ በኮምፒውተርና በስልክ የመያዝ አሠራር "የደንበኛ ግንኙነት አሥተዳደር" ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲአርኤም በመባል ይታወቃል። ዛሬ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር የሚቀርበው "ክላውድ" በተሰኘው የኢንተርኔት ኪራይ ነው። ወደ አገልግሎቱ ከመግባት በፊት ግን ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስከፍልና መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ መረዳት ያስፈልጋል።

የደንበኛ ግንኙነት አሥተዳደር ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት ከእያንዳንዱ ደንበኛው ጋር ያለውን ታሪክ በአንድ ቦታ መዝግቦ ቀጣዩን ሥራ በታሪኩ ላይ ተመሥርቶ የሚያከናውንበት አሠራር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይከፈታል። በገጹ ላይ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ቀበሌ ይሰፍራል። የገዛው ዕቃ፣ የከፈለው ገንዘብ፣ የደወለበት ቀን፣ ያቀረበው ቅሬታና የተሰጠው ምላሽ በየጊዜው ይጨመርበታል። ሶፍትዌሩ በዚህ መዝገብ ላይ ሦስት ሥራዎችን ይሠራል። ያለፈውን ያስቀምጣል፣ የሚመጣውን ቀጠሮ ያስታውሳል፣ በሺህ የሚቆጠረውን ደንበኛ ደግሞ በተፈለገው መንገድ ለይቶ ያወጣል።

የወተት ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅል ባለሙያ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። የላም የድራት ዑደት በአማካይ 21 ቀን ነው። አንዲት ላም ከተዳቀለች ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ዳግም ድራት ካሳየች አልጸነሰችም ማለት ነው። ባለቤቱ ምልክቱን ሳያስተውል ካለፈው ሌላ ሦስት ሳምንት ይባክናል፤ ቀጣዩ ጥጃና ቀጣዩ ወተትም በዚያው ልክ ይዘገያል። ባለሙያው ላሟ የተዳቀለችበትን ቀን በሶፍትዌሩ ላይ ከመዘገበ ከ21ኛው ቀን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ለባለቤቱ እንዲደውል ማስታወሻ ይደርሰዋል። ላሟ ከጸነሰች የርግዝና ጊዜዋ 280 ቀን ገደማ በመኾኑ የመውለጃዋ ወቅት አስቀድሞ ይታወቃል። ከመውለዷ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ማለብ እንዲቆም ስለሚመከር ለዚህም ሁለተኛ ማስታወሻ ይያዛል። አሥር ላም ያለበትን ሥራ በቃል መያዝ ይቻላል፤ አምስት መቶ ላም ሲኾን ግን አይቻልም።

በዘር ንግድም ተመሳሳይ ነው። ምርጥ ዘር በማሸጊያው ላይ ዘሩ የተዘጋጀበትን ምድብ የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። የአንድ ምድብ የበቆሎ ዘር ብቅለቱ ደካማ ኾኖ ቢገኝ፣ ከዚያ ምድብ የገዙትን አርሶ አደሮች ብቻ ለይቶ በዕለቱ መደወል የሚችለው መዝገብ ያለው ነጋዴ ነው። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ችግሩን የሚሰማው አርሶ አደሩ የዘር ጊዜ ካለፈበት በኋላ ለክስ ሲመጣ ነው። ጫጩት የሚሸጥ ድርጅትም የፈንግል ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ለገዢው በአጭር መልዕክት ሊያስታውስ ይችላል። ጫጩቱ ሲተርፍ ገዢው በቀጣዩ ዓመት ይመለሳል፤ የደንበኛ ግንኙነት ትርፉም ይኸው ነው።

ክላውድ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ በእንግሊዝኛ "ደመና" ማለት ቢኾንም በሰማይ ላይ ያለ ነገር ግን የለም። ክላውድ ማለት በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ፣ ቀንና ሌሊት የሚሠሩ፣ ማቀዝቀዣና መጠባበቂያ ጀኔሬተር ያላቸው ኮምፒውተሮችን በኢንተርኔት አማካኝነት መከራየት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ወፍጮ ቤትን ማሰብ ይረዳል። እህል የሚያስፈጭ ሰው ሞተር አይገዛም፤ ድንጋዩ ሲያረጅ አይቀይርም፤ የመብራት ቆጣሪም በስሙ አያስገባም። ያስፈጨውን ያህል ከፍሎ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል። በክላውድ ሶፍትዌር የሚገለገል ነጋዴም ሰርቨር አይገዛም፤ ፕሮግራም አይጭንም፤ ብልሽት አይጠግንም። በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም በተጠቃሚ ቁጥር ተሰልቶ በየወሩ ይከፍላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጓሜ የክላውድ አገልግሎትን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው የተዘጋጀ ሶፍትዌርን መከራየት ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች የራሳቸውን ሶፍትዌር የሚሠሩበትን መድረክ መከራየት ሲኾን፣ ሦስተኛው ባዶውን ኮምፒውተር፣ ማከማቻና መስመር መከራየት ነው። የደንበኛ ግንኙነት አሥተዳደር ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሚገኙት በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው።

አገልግሎቱ ከየት ተነሣ?

የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር መጀመሪያ የትላልቅ ድርጅቶች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የተመሠረተው ሲበል ሲስተምስ በዘርፉ ገናና ኾኖ ነበር፤ ኾኖም ሶፍትዌሩን ለመጠቀም ድርጅቱ ራሱ ሰርቨር ገዝቶ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ማስገጠም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ቤኒዮፍና ባልደረቦቹ በሳንፍራንሲስኮ ሴልስፎርስን መሠረቱ። ይህ ኩባንያ ሶፍትዌሩን ከመሸጥ ይልቅ በኢንተርኔት ማከራየትን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አማዞን የማከማቻና የኮምፒውተር ኪራይ አገልግሎቶቹን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የራሳቸው የመረጃ ማዕከል የሌላቸው አነስተኛ ኩባንያዎችም ሶፍትዌራቸውን ለመላው ዓለም ማቅረብ ቻሉ።

ሥራው በምዕራቡ ዓለም ብቻ አልቀረም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በሕንድ የሚገኘው ዞሆ የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌርን ጨምሮ በርካታ የንግድ ሶፍትዌሮችን ያቀርባል። ኩባንያው ከትላልቅ ከተሞች ውጭ በታሚል ናዱ ግዛት በምትገኘው ተንካሲ አካባቢም ቢሮ ከፍቶ የገጠር ወጣቶችን በሶፍትዌር ሥራ አሠማርቷል። የዞሆ የደንበኛ መዝገብ እስከ ሦስት ተጠቃሚ ላላቸው ድርጅቶች ያለ ክፍያ የሚሰጥ አማራጭ አለው። ቤልጅየም ውስጥ የተጀመረው ኦዱ ደግሞ ማንም በራሱ ኮምፒውተር ላይ በነጻ ሊጭነው የሚችለው እትም አለው። ይህ እትም ወፍጮውን ራስ እንደማቆም ነው፤ የሶፍትዌር ኪራይ ባይኖረውም ኮምፒውተሩንና የሚያስተካክለውን ባለሙያ ይጠይቃል።

በሀገራችንም መረጃን ከአርሶ አደሩ ጋር የማገናኘት ልምድ አለ። በ2006 ዓ.ም በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር አርሶ አደሩ በነጻ ደውሎ ስለ አዝመራ ምክር የሚያገኝበት ነው። ጠሪው ሲመዘገብ የሚሰጠው መረጃ ለአካባቢው የሚስማማ መልዕክት ለመላክ ያገለግላል። መስመሩ የንግድ ሶፍትዌር ባይኾንም ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው፤ ተገልጋዩን ማወቅና የሚጠቅመውን በጊዜው መንገር። ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ በሚል ስያሜ የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል።

ዱቄቱ ወፍጮ ቤት ሲቀር

የወፍጮ ቤቱ ምሳሌ የሚያንስበት አንድ ቦታ አለ። ከወፍጮ ቤት ዱቄቱ ወደ ቤት ይመለሳል። በክላውድ አሠራር ግን የደንበኛው ስም፣ የስልክ ቁጥሩና የዱቤው ሒሳብ እዚያው በአከራዩ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ተከራዩ መጠንቀቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሥጋት የመረጃ መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ወድሟል። ሌላ ቦታ መጠባበቂያ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸውን ዳግም ላያገኙት አጥተዋል። ክላውድ ከሱቅ እሳት ያድናል፤ ከአከራዩ እሳት ግን የሚያድነው በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የኔትወርክና የመብራት መቋረጥ ነው። መዝገቡ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ከኾነ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ነጋዴው የዱቤ ሒሳቡን ማየት አይችልም። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ያለ ኢንተርኔት መዝግበው መስመሩ ሲመለስ ራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው፤ የማይችሉም አሉ። ይህን ከመጀመሪያው መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። የውጭ ሀገር አገልግሎቶች ክፍያ በአብዛኛው በዶላር ይተመናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ሶፍትዌሩ በዶላር ዋጋውን ባይጨምርም በብር የሚከፈለው ሊጨምር ይችላል። ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥ ደግሞ መዝገቡ ሊዘጋ፣ በውሉ ላይ ከተጠቀሰው ጊዜ በኋላም ሊሰረዝ ይችላል።

አራተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው። ሁሉም ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባ ከኾነ ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ይለፍ ቃሉ ካልተዘጋበት የድርጅቱን የደንበኛ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የአርሶ አደሩ መብት

በመዝገቡ ላይ የሰፈረው መረጃ የነጋዴው ብቻ አይደለም። የአርሶ አደሩ ስም፣ ስልክና የዱቤ ታሪክ የአርሶ አደሩም ነው። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም አካል ያለበትን ግዴታ ይደነግጋል። ባለመረጃው ስለ ራሱ የተያዘውን የማወቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት አለው። መረጃ ከሀገር ውጭ የሚተላለፍበት ሁኔታም በአዋጁ ተካቷል። አዋጁን የማስፈጸም ኀላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በመኾኑም ስልክ ቁጥሩን ለመኖ መደብር የሰጠ አርሶ አደር ቁጥሩ ለምን እንደሚያገለግል መጠየቅ ይችላል። ስለ መኖ መልዕክት እንዲደርሰው የተመዘገበን ሰው ቁጥር ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት የተለየ ጉዳይ ነው፤ ፈቃዱን ይጠይቃል። ዱቤ የሚወስድም ሒሳቡ ሲመዘገብ ማየት፣ ሲከፍልም ማረጋገጫ መልዕክት ወይም ደረሰኝ መቀበል ይገባዋል።

ከመዋዋል በፊት መጠየቅ ያለባቸው

አገልግሎቱን ለመጀመር የሚያስብ ነጋዴ፣ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአቅራቢው ቢያንስ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ ይኖርበታል።

መረጃው የማን እንደኾነ በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል ወይ? ሙሉ መዝገቡን በፈለጉት ቀን አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ክፍያ ቢዘገይ መዝገቡ ለስንት ቀን ይቆያል? ሰርቨሩ የት ሀገር ይገኛል፣ መጠባበቂያ ቅጂውስ? በአማርኛ መጻፍና መፈለግ ይቻላል ወይ? የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይቀበላል ወይ? ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ ፈቃድ መስጠትና በዕለቱ መዝጋት ይቻላል ወይ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀዳሚው መዝገቡን ማውረድ መቻሉ ነው። አቅራቢው "ይቻላል" ካለ በንግግር ብቻ መታለፍ የለበትም፤ ጥቂት ደንበኞችን መዝግቦ፣ አውርዶ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። መዝገቡ የማይወርድ ከኾነ ነጋዴው ክፍያው ቢንር እንኳ ጥሎ መውጣት አይችልም።

በአነስተኛ አቅም ለሚሠሩ ሁሉ ክላውድ ግድ ነው ማለትም አይደለም። ሠላሳ ደንበኛ ላለው ሱቅ በሥርዓት የተያዘ ደብተርና በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ የሚነሣ ቅጂ ሊበቃ ይችላል። ደንበኛው ሲበዛ፣ ሠራተኛው ሲጨምር፣ ቅርንጫፍ ሲከፈት ግን ደብተሩ አይበቃም። ያኔም ቢኾን ሁለቱን ጎን ለጎን ለአንድ የአዝመራ ወቅት አስኬዶ ማነጻጸር ከኪሳራ ያድናል። ከዚያ በኋላም በየወሩ መጨረሻ ሙሉ መዝገቡን አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ልማድ ሊኾን ይገባል።

ሶፍትዌር ቅን ያልኾነን ነጋዴ ቅን አያደርግም፤ ያልተመዘገበውንም አያስታውስም። በቅንነት የተያዘን መዝገብ ግን ከእሳት፣ ከዝናብና ከመርሳት ሊጠብቅ ይችላል። ወፍጮውን መከራየት ነውር የለውም፤ ዱቄቱን ወደ ቤት ይዞ መመለስ ግን የባለቤቱ ኀላፊነት ነው።