ፌራሪና ፌራዮ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ካሊፎርኒያ፣ ሞንቴሬይ ውስጥ አንድ የ1962 ፌራሪ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ የዚያው ዘር መኪና ኒው ዮርክ ላይ 51.7 ሚሊዮን አወጣ። ስማቸው 250 ጂቲኦ ነው፤ ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው።

ፌራሪ ሲባል አእምሯችን ውስጥ ድቅን የሚለው ቀይ ቀለም፣ ፍጥነትና ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን ፊቱን ከሰል ያጠቆረው ሰው መጠሪያ ነበር። ላቲን ብረትን ፌሩም ይላል፣ ጣሊያንኛ ደግሞ ፌሮ። ብረት ሠሪው በላቲን ፌራሪዩስ፣ በጣሊያንኛ ፌራዮ ወይም ፌራሮ ይባላል። መጨረሻ ላይ ያለችው “ኢ” የብዙ ቁጥር ምልክት ናት፤ ብዙ የጣሊያን የቤተሰብ ስሞች በእሷ ይጨርሳሉ፤ እኛ “እነ እገሌ” እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ፌራሪ በአማርኛ ቢፈታ “እነ ቀጥቃጭ” ይሆናል። በ1898 ለተወለደው ለኤንዞ ፌራሪ ስሙ ልኩ ነበር፤ አባቱ ሞዴና ከተማ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበራቸው።

ይህን ቃል ለማወቅ ጨረታ አዳራሽ መግባት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ጎራ ማለት ይበቃል። ለኮንክሪቱ የሚገባው ብረት ፌሮ ነው፤ እሱን የሚቆርጠው፣ የሚያጥፈውና በሽቦ የሚያስረው ሠራተኛ ደግሞ ፌራዮ። አናጢው፣ ግንበኛው፣ ፌራዮው እየተባለ በየቀኑ ይጠራል። የፌራሪ ፋብሪካ ያለባት የማራኔሎ ባለ ፈረስ ዓርማና የእኛ የቀን ሠራተኛ የአንድ ስም ልጆች ናቸው። በነገራችን ላይ፣ በእኛ አገር ቀጥቃጭነት ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ “ባለ እጅ” የሚለው ያማረ ቃል እንኳ ከንቀት አላመለጠም። አጤ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እዚያ ጣሊያን ግን የቀጥቃጭ ልጆች ስም መኪናው ላይ በመለጠፉ ብቻ ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ወደ ቀሪው ስም እንለፍ። 250 የሞዴል ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ሲሊንደር ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በግርድፉ ይኸው ነው። አሥራ ሁለቱ ሲደመሩ ሞተሩ ሦስት ሊትር ገደማ ይሆናል። “ጂ” ግራን፣ ማለትም ታላቅ ነው።

“ቲ” ግን ረጅም መንገድ የሄደ ቃል ነው። ቱሪዝሞ ከቱር፣ ቱር ደግሞ መዞር ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ወጣ። ያም ላቲኑን ቶርናሬን፣ ላቲኑም ግሪኩን ቶርኖስን ይዞ ነው። ቶርኖስ ክብ መሥሪያ መሣሪያ ነበር። ጣሊያን እንጨትና ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን ቶርኒዮ አለው፤ የእኛ ሰው ቶርኖ ብሎ ተቀበለው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ቡሽ ያስቀረጸ ባለ ታክሲ ከ“ግራን ቱሪዝሞ” ሥር ጋር ተዋውቋል ማለት ነው። ላሊበላ የሚወርደው ቱሪስትም የዚሁ ዘመድ ነው።

“ኦ” ኦሞሎጋታ ናት፤ እኔ ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው። በግሪክ ሆሞስ አንድ ዓይነት፣ ሎጎስ ቃል ነው፤ ሲገጣጠሙ “ቃሉ አንድ የሆነ”፣ የተስማማ። በውድድር ቋንቋ ደግሞ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ተቀብሎ ያጸደቀው መኪና ነው። ደንቡ መቶ መኪና እንዲሠራ ይጠይቅ ነበር። ፌራሪ መቶ አልሠራም። “ይህ አዲስ መኪና አይደለም፤ ቀድሞ የጸደቀው 250 ጂቲ ልብስ ቀይሮ ነው” ብሎ ተከራከረ፣ አሳመነም። ቃሉ አንድ ባልሆነ ነገር ላይ “ቃሉ አንድ ነው” የሚል ማዕረግ ተሰፋበት። ዛሬ የድሮ መኪና ሰብሳቢው የሚከፍለው ለመቶዎቹ አለመሠራት ነው።

የእነዚህ መኪኖች ሻጮች የሚያዘወትሩት ሌላ የጣሊያንኛ ቃል ሬስታውሮ ነው፤ እኛ “እድሳት” እንለዋለን። የእኛው ከግእዙ ሐደሰ የመጣ ነው፤ አዲስ ማድረግ። እዚህ ላይ አማርኛችን ከሰብሳቢው ጋር አይስማማም፤ እሱ አዲስ ነገርን ይፈራል። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር መኪናው ከማራኔሎ ሲወጣ የነበረው ነው ወይ፣ ላሜራው የመጀመሪያው ነው ወይ እያለ ይመረምራል። የላቲኑ ሬስታውራሬ መልሶ ማቆም ነው። የደከመ ሰውን አቅም ይመልሳል ከተባለ ሾርባ ተነሥቶ ሬስቶራንት የሆነውም ይኸው ቃል ነው። ለመልሶ ማቆም የሚቀርበው የአማርኛ ቃል የጋራዥ ሰው አፍ ውስጥ ነው። ለወራት አልነሳ ብሎ የከረመ ሞተር ካንዴላው ተቀይሮ፣ ነዳጅ ደርሶት ሲያጓራ፣ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ “ተነሣ!” ይላል።