ሙሴ ጸሊም እና የእኔ ጥሩ ስም

ሁለት ዓመት ሙሉ ንስሐ አባቴን ሸሸሁ። ተጣልተን እንዳይመስላችሁ፤ ችግሩ በጣም ስለሚወዱኝ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ትንንሾቹን ሰብስበው «እንደ እሱ ሁኑ» ይሉ ነበር። «እሱ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ሶፍትዌር ሥራ ስጀምር ደግሞ ምስክርነታቸው ጨመረ። ከዚያ አንድ ነገር አጠፋሁ። ምን እንደሆነ እዚህ ብዘረዝረው እሱም ራሱ ሌላ ዓይነት ትርኢት ይሆናል፤ ይለፈኝ። እግዚአብሔር እንዳየኝ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያ ብዙም እንቅልፍ አልነሳኝም። እንቅልፍ የነሳኝ የአባ ፊት ነው። ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት ይለወጥ ይሆን?

በዚያ መሀል አንድ ሰኔ 24 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የሙሴ ጸሊምን ስም ሰማሁ። ሽፍታ የነበረ፣ በኋላ የመነነ፣ በመጨረሻ በሰማዕትነት የሞተ። ይህን ያህሉን ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ቀን ግን ቤት ገብቼ ስለ እሱ የተጻፈውን መፈለግ ጀመርኩ። ፕሮግራም አልሠራ ሲለኝ ወደ ኋላ ሄጄ ከመጀመሪያው መዝገብ እንደማነበው ማለት ነው።

ቦታው አስቄጥስ ነው። ዛሬ ወዲ ናጥሩን ይባላል፤ ከካይሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ጨዋማ ሸለቆ። ከ4ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ መነኮሳት ከከተማ ሸሽተው እዚያ ሰፈሩ። ጎጇቸው ተራርቆ፣ የዘንባባ ቅጠል እየጎነጎኑ ይኖራሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። ስለ ሙሴ ቀድመው ከጻፉት አንዱ ጰላድዮስ ነው። በ390ዎቹ በግብፅ በረሃ ኖሯል፤ መጽሐፉን የጻፈው እ.ኤ.አ. 420 ገደማ ነው። ሌሎቹ ታሪኮች ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ቆይተው በአበው ንግግሮች ስብስብ ውስጥ ገብተዋል። በእኛ ገዳማት የሚነበበው ፊልክስዩስም በእነዚያ የበረሃ አባቶች ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጥያቄና መልስ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ጰላድዮስ ሙሴን «ኢትዮጵያዊ» ይለዋል። የዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ቃል ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይጠሩበት ስለነበር፣ «የእኛ አገር ሰው ነው» ብለን ቶሎ ባንፎክር ይሻላል። የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር፤ በክፋቱና በሌብነቱ ጌታው አባረረው፤ ከዚያ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። አንድ ሌሊት የአንድ እረኛ ውሻ ሥራውን ስላበላሸበት ቂም ያዘ። ዓባይ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ተደብቆ ሲያጣው አራት ምርጥ በጎች አርዶ፣ በገመድ እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጣበት።

እንግዲህ ይህ ሰው መነኮሰ። አስቡት፤ ወደ ገዳም ሲገባ የሚጠብቀው ጥሩ ስም የለውም። ለዚህ ሳልቀናበት አልቀረሁም። ስም የሌለው ሰው የሚፈራው ነገር ያንሳል ብዬ አሰብኩ። ግን ተሳስቼ ነበር። ሙሴም ቆይቶ ስም አወጣ፤ ፈተናውም የመጣው ያኔ ነው።

ዝናው ወጥቶ አንድ አገረ ገዢ ሊያየው ወደ አስቄጥስ መጣ። ሙሴ ይህን ሲሰማ ወደ ረግረጉ ሸሸ። መንገድ ላይ ግን ከእንግዶቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። የአባ ሙሴ ቤት የት ነው ብለው ጠየቁት። እሱም ያ ሰው ሞኝ ነው፣ ምን ያደርግላችኋል አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይህን ሲናገሩ መነኮሳቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነገራቸው ጠየቁ። ረጅም፣ ጥቁር፣ አሮጌ ልብስ የለበሰ። በቃ፣ ራሱ ሙሴ ነበር።

ታሪኩ ያስቃል። ግን የአገረ ገዢው መንገድ በከንቱ አልቀረም፤ ብዙ ተምሮ ተመለሰ፣ ወሬውም ይኸው እኛ ዘንድ ደረሰ። ከዝና መሸሽ ራሱ ዝና ሆነ። የበረሃው አባቶች ይህን ወጥመድ በደንብ ያውቁታል። እኛ ውዳሴ ከንቱ የምንለውን ሽንኩርት ነው ይሉት እንደነበር ዮሐንስ ካስያን ጽፏል፤ አንዱን ልብስ ስትልጠው ሌላ ከሥሩ ይወጣል። ጥሩ ልብስ ስትለብስ ትኮራለህ፤ ቡትቶ ስትለብስ ደግሞ በቡትቶው ትኮራለህ። ዛሬም ያው ነው። አጥቢያችን ውስጥ ስመሰገን «ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም» እላለሁ፤ እያልኩም አባባሌ እንዴት እንዳማረ አስባለሁ።

ቀጥሎ ያነበብኩት ግን አላሳቀኝም። ሙሴ ለክህነት ሲሾም ነጭ ልብስ አለበሱት፤ ሊቀ ጳጳሱ አሁን ሁለመናህ ነጣ አለው። ሙሴ፣ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥም ጭምር በሚል ስሜት መለሰ። ሊቀ ጳጳሱ ትሕትናውን ሊፈትን ፈልጎ፣ ወደ መቅደሱ ሲገባ እንዲያባርሩት ካህናቱን አዘዘ። «ጥቁር» ብለው እየሰደቡ አስወጡት። ሙሴ ወጥቶ ለራሱ የተናገረው ከእነሱ ስድብ የባሰ ነው፤ ቆዳውን በአመድ መስሎ፣ ከሰው መሀል ለመግባት እንደማይገባው ተናገረ።

ተናደድኩ። ፈተና ነው ቢሉትም ስድብ ስድብ ነው። ደግሞስ ይህ ትሕትና ነው ወይስ ራስን መጥላት? ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ማለት ራስን ማዋረድ ከሆነ፣ ያ ደግሞ ስለ ራስ ማሰብ እንጂ ሌላ አይደለም። መስታወቱ ያው ነው፤ የሚያሳየው ፊት ብቻ ነው የተለወጠው።

መልስ የሰጠኝ ሌላ ታሪክ ነው። በሌላ ጊዜ አባቶች ተሰብስበው ሳለ፣ ይህ ጥቁር ለምን በመካከላችን ይገባል እያሉ እሱ እየሰማ ናቁት። ዝም አለ። ሲበተኑ አልታወክህም ወይ ብለው ጠየቁት። ታውኬ ነበር፣ ነገር ግን አልተናገርኩም የሚል መልስ ሰጠ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ቅዱስ ለመምሰል ቢፈልግ «ምንም አልመሰለኝ» ይል ነበር። እሱ ግን እንዳመመው ተናገረ። የማይነካው ሰው ነው እንዲሉት አልፈለገም። ሰው ስለ እሱ የሚለው ይሰማዋል፣ ያመዋልም፤ ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚወስንለት ያ አይደለም። የአመዱን ንግግር ዛሬም አልወደውም። ሰውየውን ግን ራሱን በሚጠላ ሰው ዓይን ማየት ተውኩ፤ ምክንያቱም ራሱን የሚጠላ ሰው ለሌሎች እንደ እሱ አይራራም።

ርኅራኄውን በሁለት ነገር አየሁት፤ ሁለቱም እንስራ ናቸው። ጰላድዮስ እንደሚለው ሙሴ ከሥጋ ፈተና ጋር ሲታገል ስድስት ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ጸለየ፤ አልለቀቀውም። ከዚያ ሌላ ሥራ ጀመረ። ውኃ ሩቅ ስለነበር፣ ሌሊት እየተነሳ የሽማግሌዎቹን እንስራ ማንም ሳያውቅ ይሞላ ነበር። ጠዋት ሲነሱ ሞልቶ ያገኙታል። አንድ ሌሊትም ውኃ ሲቀዳ ጋኔን በዱላ መታውና ታሞ ዓመት ያህል ተኛ። ኢሲዶሮስ የሚባለው አባት ለተጋድሎም መጠን እንዳለው ነግሮ አስቆመው፤ ፈተናው የቆየብህ በራሴ ኃይል አሸነፍኩ ብለህ እንዳትመካ ነው አለው።

ሁለተኛው እንስራ የሚያንጠባጥብ ነው። አንድ ወንድም አጥፍቶ ሸንጎ ተቀመጡ፤ ሙሴንም ጠሩት። እምቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት ቀዳዳ እንስራ በውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ይህ ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጠ። ወንድምየውን ይቅር አሉት።

ልብ በሉ፤ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት የራሱን ቀዳዳ አሳየ። በዚያ ሸንጎ ላይ ለስሙ የሚሳሳ ሰው ቢሆን ንጹሕ ሆኖ መቀመጥ ነው የሚመርጠው። እሱ ግን ስሙን አሳልፎ ሰጥቶ አንድ ወንድም አተረፈ። ከእግዚአብሔር ጋር መቀራረብ ማለት ለእኔ አሁን ይህ ነው። ስለ ራስ ጥሩም መጥፎም ማሰብ ሳይሆን፣ ቀዳዳውን እንስራ ተሸክሞ መምጣት መቻል።

ሙሴ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ወራሪዎች አስቄጥስን ሲያጠቁ ሌሎቹን እንዲሸሹ አድርጎ ከጥቂት ወንድሞች ጋር ተገደለ። በበረሃው ትውፊት እንዲህ ይነገራል። ጰላድዮስ ደግሞ በ75 ዓመቱ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ እንዳረፈ ብቻ ይጽፋል።

እኔስ? ባለፈው መስከረም ለአባ ደወልኩ። ስልኩን ከማንሳታቸው በፊት ሁለቴ ዘግቼዋለሁ። «ልጄ፣ በሰላም ነው የጠፋኸው?» አሉኝ። በሰላም አይደለም አልኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ና አሉኝ። ሄድኩ፤ ጥዱ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ዓመት የፈራሁትን ፊታቸውን አላየሁትም፤ አንገቴን ደፍቼ ነበር።