የቤጂንጉ ጂፕ

ኑማ፣ ጠጋ በሉና የአንድ መኪና ታሪክ ላጫውታችሁ። ነገሩ የሆነው ቻይና ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1983። ማኦ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤጂንግም በሯን ለውጭ ባለሀብት ገርበብ አድርጋለች። ታዲያላችሁ ሜይ 5 ቀን የጂፕ ባለቤት የነበረው አሜሪካን ሞተርስ ከቤጂንግ የመኪና ፋብሪካ ጋር ውል ተፈራረመ። አሜሪካኖቹ 8 ሚሊዮን ዶላር በጥሬው፣ 8 ሚሊዮን ደግሞ በቴክኖሎጂ መልክ አዋጡና 31.35 በመቶ ድርሻ ያዙ። የጋራ ኩባንያውም ቤጂንግ ጂፕ ተባለ።

ፊርማው አንድ ወረቀት ላይ ቢያርፍም የሁለቱ ልብ ለየቅል ነበር። ፋብሪካው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቢጄ 212 የሚባል የጦር ጂፕ ይሠራል፤ ባለ ሸራ፣ ጠንካራ፣ ግን ጊዜ ያለፈበት። ቻይናዎቹ የፈለጉት የእሱን ተተኪ ነው። ወታደሩ ጠመንጃውን እንደያዘ ዘሎ የሚወርድበት፣ አራት በር ያለው፣ ጣሪያው ሸራ የሆነ መኪና። አሜሪካኖቹ ግን እንዲህ ያለውን መኪና ከባዶ ተነስተው ለመንደፍ አቅሙ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው ገና ገበያ የወጣው ቼሮኪ ነው። የቼሮኪ ጣሪያ ደግሞ ብረት ነው፤ ለብቻው የሚቆም ቻሲ ስለሌለው ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይደው ነው መኪናውን የሚሸከሙት። ጣሪያውን ቆርጣችሁ ሸራ አልብሱት ብትሉ ጥንካሬው አብሮ ይቆረጣል።

እና ምን ተደረገ? ቼሮኪው እንዳለ ይምጣ ተባለ፤ ግን ተበታትኖ። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ በሩ፣ መስታወቱ በየሣጥኑ ታሽጎ ውቅያኖስ ተሻገረ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1985 የመጀመሪያው ቼሮኪ ከቤጂንጉ ፋብሪካ ወጣ።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ መኪና የማን ነው? ብሎኑን ያጠበቀው የቤጂንግ ሠራተኛ ነው። ብሎኑ የያዘው ዕቃ ግን ከአሜሪካ የመጣ ነው። በወደብ በኩል ተገጣጥሞ ከሚገባው ቼሮኪ የሚለየው የመጨረሻው ቁልፍ የዞረበት ቦታ ብቻ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከሂሳቡ ነው። ኩባንያው መኪናውን የሚሸጠው በቻይናው ገንዘብ በዩዋን፣ ሣጥኑን የሚገዛው በዶላር። ዩዋን ደግሞ ያኔ ከአገር ከወጣ የሚቀበለው የለም። ስለዚህ ገበያው በደራ ቁጥር የዶላሩ ቋት ይጎድላል። አሜሪካን ሞተርስ በበኩሉ በአንድ እጁ ባለአክሲዮን፣ በሌላው ሣጥን ሻጭ ነው፤ ዕቃው ቶሎ ቤጂንግ ውስጥ ይመረት ብሎ የሚያቻኩለው ምክንያት አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን የሃይናን ደሴት ሹማምንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መኪኖች አስገብተው ወደ መሀል አገር መቸብቸባቸው ተጋለጠ። መንግሥት ደነገጠና የውጭ ምንዛሪውን ጠበቅ አደረገ። ጦሱ ለቤጂንግ ጂፕም ተረፈ። ዶላር ጠፋ፤ በ1986 መጀመሪያ ሣጥኑም ቀረ፤ የቼሮኪው መስመር ቆመ። የኩባንያው ኃላፊ ዶን ሴንት ፒየር ቢጨንቃቸው ለጠቅላይ ሚኒስትር ዣኦ ዚያንግ ደብዳቤ ጻፉ። ጉዳዩን እንዲፈቱ የተመደቡት ኋላ ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዡ ሮንግጂ ነበሩ። እስከ 1990 ድረስ ለ12,500 ቼሮኪ የሚሆን ዕቃ መግዣ ዶላር እንዲመደብ ስምምነት ተደረሰ።

እስከዚያው ፋብሪካውን ያበላው ማን መሰላችሁ? ያ የተናቀው ቢጄ 212! ዕቃው ከአገር ውስጥ፣ ወጪውም ገቢውም በዩዋን። ዘመናዊው እንግዳ ዶላር ሲጠብቅ አሮጌው ባለአገር ደመወዝ ይከፍል ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ ቼሮኪውም ዕቃ በዕቃ ቻይናዊ ሆነ። ክራይስለር በ1987 አሜሪካን ሞተርስን ገዛ፤ በ1990ዎቹ የመኪናው አብዛኛው አካል እዚያው ቻይና ይሠራ ጀመር። በ2001 አሜሪካ ይህንን ቼሮኪ ማምረት ስታቆም ቻይና ከዚያ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ቀጠለች። የተወለደበት አገር ሲተወው የጉዲፈቻው አገር አቆየው ማለት ነው።

የሚገርመው የኋላ ኋላ ሣጥን አሻጊዋ ራሷ ቻይና ሆነች። ሊፋን የተባለው ኩባንያ ተበታትነው የመጡ መኪኖቹን፣ ኤክስ 60 የሚባለውንም ከፍ ያለ መኪና ጭምር፣ እዚህ ዱከም ይገጣጥም ነበር። በተራው በብር እየሸጠ ለሣጥኑ ዶላር የሚፈልገው የእኛው ሰፈር ፋብሪካ ሆነ። ባንክ ቤት ኤልሲ ለማስከፈት ወረፋ የጠበቀ ነጋዴ የሴንት ፒየርን ጭንቀት ማንም ሳይተርክለት ያውቀዋል።

እንግዲህ የመገጣጠም ሥራውን ማናናቄ አይደለም፤ ቤጂንግም የጀመረችው በብሎን ነው። ልዩነቱ ከብሎኑ ቀጥሎ በየዓመቱ ስንት ዕቃ ከሣጥኑ ወጥቶ አገር ውስጥ ይመረታል የሚለው ላይ ነው። «አገር ውስጥ የተገጣጠመ» የሚባል መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ማርሹን ከማየታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ፍሬኑ ሲያልቅ፣ መብራቱ ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» ከመርካቶ ካላችሁ ደግሞ አትልቀቁት፤ «መርካቶስ በምን ገንዘብ ያመጣዋል?» በሉት።